አባዬ ለአውራ ዶሮ ብድግ ያሉ ዕለት

በእኛ ጊዜ እኮ ሽማግሌ ወደቀ ከተባለ ወጌሻ ይጠራል፣ ይታሻል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ከዚያ «ከእንግዲህ አርፈው ይቀመጡ» ተብሎ ጥግ ይቀመጣል፤ አለቀ። ከመውደቁ በፊት እግሩን እናጠንክርለት የሚል ሰው ቢመጣ «ምን ነካው?» ነው የሚባለው። ምን ያስቅሻል? ጻፊ፣ እንደተናገርኩት ጻፊ፣ ኋላ ላሳምረው ብለሽ እንዳታበላሺብኝ።

አባዬ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የጃንሆይ ዘመን ሊያልቅ አካባቢ ነው፣ እዚሁ አሰላ፣ እዚሁ ቤት፣ ክረምት ላይ ደጅ ወደቁ። ጭቃችንን ታውቂው የለ? ወጌሻው አሻቸው፣ ተነሱ። ደግሞ ቤት ውስጥ ከአልጋ ሲወርዱ አጎዛው ከእግራቸው ሥር ሸሸና ወደቁ። ይኼኔ ወንድሜ መኮንን ከናዝሬት መጣ። መኮንን የጭነት መኪና ነበረው፣ ድምፅም ነበረው፤ ሲናገር ሰፈሩ ይሰማል። «ጥሩነሽ!» አለኝ፣ «ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ቢወድቁ አልጠይቅሽም! የወደቀ ሰው ናዝሬት ይወሰዳል፣ ቤቱም ይዘጋል!»  እሱ ከሄደ በኋላ አባዬ፣ «ጥሩነሽ፣ እናትሽን እዚህ ቀብሬ እኔ ናዝሬት ልቀበር? ያን ሙቀት ሬሳዬም አይችለው» አሉኝ። አለቀስኩ። ካልወደቁ ይቀራሉ፣ ከወደቁ ይሄዳሉ፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

እና ሲስተር ዘሀራን ለመንኳት። እዚሁ አሰላ የተወለደች የሆስፒታል ነርስ ናት፣ ከሥራ ስትወጣ በእኛ ደጅ ነው የምታልፈው። ገባች። «አካም ጅርቱ አባባ?» ብላ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቀች፤ «ፈያ፣ ፈያ» አሉ አባዬ፣ ደህና ነኝ ሲሉ። ቤቱን ዞራ አየችው። «ይኼ አጎዛ ይነሳ፣ ደፉ ላይ ያለው ጉድጓድ ይደፈን፣ ከአልጋው እስከ በሩ ገመድ ይወጠርላቸው፣ እየያዙ ይሄዳሉ» አለች። እሺ አሉ። ታዲያ ቀጠለች፤ «አሁን ደግሞ አባባ፣ ወንበር ላይ ሆነው፣ በእጅዎ ሳይደገፉ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፤ በየቀኑ። ጭንዎ ሲጠነክር አይወድቁም።»

አባዬ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አዩአት።

«ልጄ፣ ማን መጥቶ ነው የምነሳው?»

«ማንም አይመጣም አባባ። እንዲሁ ይነሳሉ።»

«ማንም ሳይመጣ?»

«አዎ።»

«ማንም ሳይመጣ የሚነሳ፣ ማንም ሳይሄድ የሚቀመጥ ሰው፣ እሱ እኮ ጠበል ነው የሚወሰደው!»

«ወላሂ አባባ፣ ለእግርዎ ብዬ ነው!»

«እግሬን ተይልኝ!»

በአንድ እግር ይቁሙ ስትላቸውማ «እኔ ዶሮ ነኝ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በቃ፣ አባዬ እምቢ ካሉ እምቢ ነው።

ዘሀራ ተስፋ ቆርጣ ልትወጣ ስትል ጎረቤታችን ጋሽ ቶሎሳ ገቡ። አባዬ «ኖር!» ብለው ብድግ። ጉልበታቸው ቋ አለ፣ ግን ተነሱ። ዘሀራ እኔን አየችኝ፣ እኔም ዘሀራን አየኋት። አየሽ፣ አባዬ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚያይ ከብት ነው ባይ ነበሩ፤ ሕፃን ቢገባ ይነሳሉ፣ የኔ ቢጤ ቢገባ ይነሳሉ። ታዲያ ጋሽ ቶሎሳ «ኧረ በእግዜር» ብለው ሳይቀመጡ እጃቸውን ይዤ ወደ ጓሮ ጎተትኳቸው።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ በጓሮ ዞረው በፊት ለፊት ይግቡ።»

«አሁን ገባሁ እኮ!»

«እንደገና ይግቡ።»

«ገብቼ ምን ልበል?»

«ወንፊት ልዋስ ይበሉ።»

«ወንድ ልጅ? ወንፊት?»

«እንግዲያው መጥረቢያ ይበሉ! ምን አስጨነቀዎት!»

ዞረው ገቡ። «ኖር!» አሉ አባዬ፣ ብድግ። «መጥረቢያ ልዋስ ብዬ ነበር።» ተዋሱ፣ ወጡ። እና ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ እኛ ቤት መግባትና መውጣት ሆነ ሥራው። ዘሀራ «በእጃቸው እየተደገፉ ነው የሚነሱት፣ አይሆንም» ስትል፣ እንግዳው ገና በሩን ሲያልፍ ሁለት እጁን ዘርግቶ እንዲሮጥ አደረግን። ሁለት እጁን ለዘረጋ ሰው አንድ እጅ መስጠት ነውር ነው፤ ታዲያ አባዬ በምን ይደገፉ? በጭናቸው ኃይል ይነሳሉ! «መራመድም አለባቸው» አለች። እንግዳ ይሸኛል አይደል? እስከ አጥር በር ይሸኛሉ። ጋሽ ቶሎሳ በባርኔጣ ይመጣሉ፣ ያለ ባርኔጣ ይመጣሉ፣ ሲቸግራቸው በሚስታቸው ነጠላ ተከናንበው ይመጣሉ። «ኖር!» «በእግዜር!» «ኖር!» «በእግዜር!» መጥረቢያችን ሰፈሩን ሲዞር ጊዜ የሚፈለጥ እንጨት ሳይፈለጥ ሰነበተ፣ እኛም በጭራሮ አበሰልን።

በአንድ እግር መቆሙን? እሱን የጋሽ ቶሎሳ አውራ ዶሮ ገላገለን። ደፉ ላይ ስንዴ በተን አደርጋለሁ፣ ዶሮው ይመጣል፣ አባዬ ይናደዳሉ፣ በአንድ እግር ቆመው በሌላው «እሽ! አንተ ሌባ! እሽ!» ዘሀራ መስኮት ሥር ተሸሽጋ «በግራ በኩል አምጪው፣ ግራ እግራቸው አልሠራም!» ትለኛለች። እኔ ዶሮ አሳዳጅ ሆኜ ቀረሁልሽ።

ታዲያ ነሐሴ ላይ መኮንን ሳይነግረን ከተፍ አለ። ጫማው ያብረቀርቃል። «እንዴት ናቸው?» «አልወደቁም!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ተቀመጠ። ጋሽ ቶሎሳ የመኮንንን መምጣት አልሰሙ፣ በባርኔጣ ገቡ። «ኖር!» አባዬ ብድግ። መጥረቢያ ተዋሱ፣ ወጡ። በጓሮ ዞረው ያለ ባርኔጣ ገቡ። «ኖር!» መኮንን አፉን ከፈተ። ጋሽ ቶሎሳን በዓይኔ ብጠቅሳቸው፣ ራሴን ብነቀንቅ፣ ወይ ፍንክች! በነጠላ ተከናንበው ገቡ። «ኖር! እንዴት ዋሉ እመቤቴ?» አሉ አባዬ። ላብ አጠመቀኝ። ወዲያው በሩ ገርበብ አለና አውራ ዶሮው ገባ። ያን ሁሉ ጊዜ የለመደ እግር፣ በሩ ሲከፈት ማን እንደገባ መች ይጠይቃል? አባዬ «ኖር!» ብለው ብድግ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ለዶሮ!

«ወይኔ አባቴን!» ብሎ ጮኸ መኮንን። «እግራቸው ሲድን ጭንቅላታቸው ሄደ! ዛሬውኑ ናዝሬት!»

«መኮንን፣ ስማኝ፣ ሕክምና ነው!» አልኩት።

«ዶሮውም ሐኪም ነው?»

አለና መኪናውን ሊያስነሳ በቁጣ ሮጠ። የአሰላ ጭቃ ደግሞ የናዝሬት ጫማ አያከብርም። ደፉን እንዳለፈ በጀርባው ዘጭ!

ታዲያ አባዬ ገመዱንም አልያዙ፣ እኔንም አልጠሩ። ቀስ ብለው ወጡ፣ ጭቃው ላይ እግራቸውን ተክለው ቆሙ፣ ሁለት እጃቸውን ሰጥተው ያን የሚያህል ሰውዬ ጎትተው አነሱት። እኔ ትንፋሼን ይዤ «አሁን ወደቁ፣ አሁን ወደቁ» ስል ንቅንቅ አላሉም። ኮቱን ጠራረጉለትና፣ «ልጄ፣ የወደቀ ሰው ናዝሬት ይወሰዳል ብለህ የለም? በል ግባ መኪናህ ውስጥ። በሰላም ያግባህ» አሉት። ገባና ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ ግን ጨነቀኝ፣ መኮንን እውነቱን ቢሆንስ? «አባዬ፣ ጋሽ ቶሎሳን የምር ሴት መስለውዎት ነው?» አልኳቸው። ሳቁ። «ጢሙ በነጠላው ወጥቶ እያየሁት? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እናትሽ ከሞተች ወዲህ ይኼን በር ማን ገፍቶት ያውቃል? አወቅሁባችሁ ብል ሰው መምጣቱን ሊተው አይደል?» አሉ። እኔም ተነስቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ይኸው ነው። ሳይወድቁ ኖሩ፣ ቀናቸው ሲደርስ አልጋቸው ላይ ዐርፈው ከእናቴ ጎን ተቀበሩ። መኮንንም ለቀብር ሲመጣ ቦት ጫማ አድርጎ ነው የመጣው። እና እኔ የምልሽ፣ ሐኪሙም ይምከር፣ ገመዱም ይወጠር፣ ግን በሩን የሚገፋ ሰው ከሌለ ሽማግሌ ለማን ብሎ ይነሳል?

ቆይ፣ በሩ ተገፋ። ኖር!

— ኧረ እማማ ይቀመጡ! ድመቷ ናት እኮ።

— ትሁና! ተነስቻለሁ አይደል? አንቺ ግን ነገም ነይልኝ። ምክንያት ካጣሽ መጥረቢያ ልዋስ በይ።