ንፋሱን ቀንስለት

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር የሥዕል መምህር ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በኮምፒውተር የጎልፍ ጨዋታ ሊሠራ ተነሣና «የባሕር ጠረፍ ሜዳ ንደፍልኝ» አለኝ። እኔ ከጣና ሌላ ሰፊ ውኃ አይቼ አላውቅም! ቢሆንም የጉና ብርድ መስኮቴን እያንኳኳ፣ በሐሳቤ ሞቃት አሸዋ ላይ እየሄድኩ፣ ሣሩንም ጉድጓዶቹንም ባንዲራዎቹንም ሣልኳቸው። ይኼኔ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከች አሉ። ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«መምህር፣ የምን ካርታ ነው?»

«ጨዋታ ነው ጋሼ። እንደ ገና ጨዋታ ኳሷን በዱላ መትቶ ጉድጓድ ማስገባት ነው።»

«ይኼ ሁሉ ቀስትስ? ጠላት የሚመጣበት ነው?»

«ኧረ ንፋስ ነው! ከባሕሩ እየነፈሰ ኳሷን ያስታል።»

እኔ እጄን ለካቴና አዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ግን የውኃውን ዳር በጣታቸው ቀስ ብለው ዳበሱት።

«ልጄ ምጽዋ ነው የዘመተው። እንዲህ ያለ ቦታ ነው ማለት ነው ያለው?»

«ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ንፋሱን ቀንስለት» ብለውኝ ወጡ።

ቀስቶቹን በሙሉ በላጲስ አጠፋኋቸው። ጓደኛዬ ንድፉን ሲያይ «ንፋስ የሌለው ባሕር የት አይተህ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

«እዚያ ሰው አለን» አልኩት።