ሸክም ያቀለሉት መሐንዲስ ደብሪቱ ባንታምላክ

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የመንገዱ አስጊነት ሳያግዳችሁ ከዶካና ከመፋዛ የደረሳችሁልን ወገኖች፣ ከእኛ እኩል ያነባችሁ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የታላቅ እህቴን የመሐንዲስ ደብሪቱ ባንታምላክን የኑሮ ጉዞ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ ስላዘዘኝ፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ምስጋናው በፊታችሁ ቆሜአለሁ።

መሐንዲስ ደብሪቱ ከአባታቸው ከአቶ ባንታምላክ ቱርካ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጋነሽ ወልደ ማርያም በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. በአርማጭሆ ቆላ ተወለዱ። አባታችን በሰሊጥ እርሻ ትራክተር ነጂ ስለነበሩ፣ እርሳቸው ገና በልጅነታቸው ሞተር ሲፈታ ከአጠገቡ የማይጠፉ፣ "ይህስ ለምን ይሆናል?" እያሉ በጥያቄ የሚያደክሙ ነበሩ። ጦርነቱ ቆላውን ሲያምሰው ቤተሰቡ የድንበሩን ወንዝ ተሻግሮ ሱዳን፣ ወድ ኤል ሒለው የስደተኞች ሰፈር ገባ፤ እርሳቸውም በማያውቁት የዓረብኛ ቋንቋ፣ በዕድሜ ከሚያንሷቸው ጋር ተቀምጠው ፊደል ከመቁጠር ጀምረው፣ ሁለተኛ ደረጃን ገዳሪፍ፣ የሜካኒካል ምህንድስናን ካርቱም አጠናቀቁ። "ለስደተኛ ልጅ፣ ያውም ለሴት፣ ምህንድስና ምን ያደርግላታል?" የሚል ሰው አልጠፋም ነበር፤ እርሳቸው ግን ሙግት ውስጥ ሳይገቡ ተመረቁ።

ከዚያም በገዳሪፍ ከተማ በአንድ የሰሊጥ ማበጠሪያ ፋብሪካ ተቀጥረው ሳለ፣ ከማሽኑ ይልቅ ሰው ፈጥኖ እንደሚሰበር አስተዋሉ። ሥራው የሚመራው በአለቃ ጩኸት ነበርና፣ "ሥራ ታይቶ፣ ተለክቶና ተሞክሮ ይመራ" ብለው ሳይንሳዊ የሥራ አመራርን በዚህ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስገቡ ተነሡ። ሰዓታቸውን ይዘው ከጫኝና አውራጆቹ አጠገብ በቆሙ ጊዜ፣ ዛሬ እዚህ በመካከላችን ያሉት የያኔው የጫኞች አለቃ አቶ ደሴ፣ "እታለም፣ ሰዓት ይዘሽ የቆምሽብን እንደ በሬ ልትነጂን ነው?" አሏቸው፤ ሠራተኛውም ጆንያውን ጥሎ ተቀመጠ። መሐንዲስ ደብሪቱ አልተቆጡም፤ ወደ ኋላም አላሉም። ሰዓቱን ኪሳቸው ከተው፣ "እንግዲያስ አብሬያችሁ ልዋል" አሉና የጆንያ አፍ እየሰፉ ከእነርሱ ጋር ሰነበቱ። ሰውን የሚጎዳው ተሸክሞ መሄዱ ሳይሆን ጆንያውን ከመሬት ብድግ ማድረጉ መሆኑን ከለዩ በኋላ፣ ጆንያው የሚያርፍበት በወገብ ልክ ከፍ ያለ መደብ አሠሩ፤ በሥራው መካከል ዕረፍት እንዲኖርም ባለ ፋብሪካውን ተከራክረው አሳመኑ። በዚያ የመኸር ወቅት ሥራው ከወትሮው ቀድሞ ተጠናቀቀ፤ ወገቡን ታሞ የቀረ ሰውም አልነበረም።

ነገር ግን ባለ ፋብሪካው የሥራውን መፍጠን ባየ ጊዜ፣ "እንግዲህ ግማሾቹ ይበቁናል፤ የሚባረሩትን አንቺ ምረጪ" ብሎ አዘዛቸው። እርሳቸውም፣ "እነዚህን ሰዎች ያግባባኋቸው ድካማችሁ ይቀንሳል ብዬ ነው እንጂ እንጀራችሁ ይቆረጣል ብዬ አይደለም፤ መምረጥ ካለብኝ ራሴን መርጫለሁ" ብለው የሥራ ክፍላቸውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ወጡ። በዚያን ጊዜ በስደተኞች ትምህርት ቤት አስተማሪ ከሆኑት ከአቶ ሃፍቱ ጋር በቅርቡ ተጋብተው፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሃናን ፀንሰው ነበር። ኑሮው ቢጠብም አቶ ሃፍቱ አንድም ቀን "ምነው ዝም ብትዪ ኖሮ" አላሏቸውም።

እርሳቸው ከወጡ በኋላ ባለ ፋብሪካው ካባረራቸው ጫኞችና ከአቶ ደሴ ጋር ተማክረውም፣ የልብ ወዳጃቸው ወይዘሮ ዙሌካ በፈቀዱላቸው በዶካ በሚገኝ ባዶ ግቢ፣ የተጣለ ብረት ሰብስበው የራሳቸውን ማበጠሪያ ገጣጠሙ። የመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ገብቶ ሞተሩን አበላሸው፤ ነጋዴውም "የሴትና የተባረረ ሰው ሥራ" እያለ አላገጠ። እርሳቸው ሞተሩን ብሎን በብሎን ፈትተው፣ ጭቃውን አጥበው እንደገና አስነሡት። ውሎ አድሮ መኪና ሳይጉላላ፣ ጆንያም ሳይቀደድ የሚጫነው እዚያ መሆኑን ያየው ነጋዴ ሁሉ ወደ ዶካ ጎረፈ፤ የመፋዛና የገዳሪፍ ባለ ማበጠሪያዎችም አሠራራቸውን እንዲያስተካክሉላቸው ይጠሯቸው ጀመር። ያ የቀድሞው ባለ ፋብሪካ እንኳ ልጁን እንዲያስተምሩለት በላከ ጊዜ፣ የአባቱን ነገር ሳያነሡ ተቀበሉት፤ እንደ ማንኛውም ተማሪያቸው ግን አስቀድመው ጆንያ አሸከሙት።

በኋላም የካርቱም ጦርነት ተነሥቶ ተፈናቃዩ ገዳሪፍን ሲሞላ፣ የኩላሊት ሕመማቸው ጠንቶባቸው ሳለ፣ ሕዝቡ በተጠለለበት ግቢ ለውኃ ሲጋፋ አይተው መቀመጥ አልቻሉም። አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች የሚቀድሙበትን፣ ደካማው የማይረገጥበትን አሠራር ዘርግተው፣ ሥራውን ለተፈናቃይ ሴቶች ያስተምሩ ነበር። ሃና "እማዬ፣ አሁንስ ይብቃሽ" ብላ ብትለምናቸው፣ "ያለ እኔ ሲሠሩት ያን ጊዜ ይበቃኛል" አሏት። ለመጨረሻ ጊዜ በሄዱበት ቀን ሴቶቹ ውኃውን ያለ ግርግር ሲያከፋፍሉ አገኙ፤ ጥቂት ቆመው ተመለከቱና አንዳች ነገር ሳያርሙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሡም፤ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ንስሐ ገብተውና ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ ትናንት ማለዳ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

መሐንዲስ ደብሪቱ ባለቤታቸውን አቶ ሃፍቱን፣ ልጆቻቸውን ሃናንና መልአኩን፣ የልጅ ልጃቸውን መቅደላዊትን፣ እኔን ወንድማቸውንና ያሠለጠኗቸውን እጅግ ብዙ ሠራተኞች ትተው ተለይተውናል። በኑዛዜያቸው "በእኔ ምክንያት ሥራ እንዳይፈታ" ብለዋልና፣ የዶካው ማበጠሪያ ከሠልስት በኋላ ይከፈታል። እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን በደጋግ አባቶቻችን አጠገብ ያኑርልን፤ ለአቶ ሃፍቱና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን፤ እናንተንም በሰላም ወደየደጃችሁ ያግባችሁ። አሜን።