ዳዊት የዋጠ ማኅደር

ደብረ ብርሃን፣ የጡረተኛው ቀያሽ የጋሽ አሥራደ ሳሎን፤ ልጃቸውን ወለላን ሊያገባ የሚፈልገው ያፌት በእጁ የሰፋላቸውን የቆዳ ማኅደር ይዞ ይታገላል፤ ውስጡ የእሳቸው ዳዊት ተቀርቅሮ አልወጣም ብሏል።

ጋሽ አሥራደ፦ ተው፣ ይበቃሃል። ቆዳው ሲጮህ ሰማሁት፤ ዳዊቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ያፌት፦ አንዴ ብቻ፣ ጋሼ። በማንኪያ ከጎን ፈልቀቅ ባደርገው...

ጋሽ አሥራደ፦ ማንኪያውን አስቀምጥ፤ ጸሎት እንጂ ገንፎ አይደለም። ይልቅ ከመጀመሪያው አስረዳኝ። መጽሐፌ ከራስጌዬ ጠፋ። ወለላን ስጠይቃት "አቧራውን ላራግፍለት ነው" አለችኝ። ከዚያስ?

ያፌት፦ ከዚያማ ቆዳውን ውሃ ውስጥ ነከርኩት። መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ቆዳውን እላዩ ላይ ወጥሬ ሰፋሁት። ሲደርቅ የያዘውን ነገር ቅርጽ ይወስዳል።

ጋሽ አሥራደ፦ ወስዷል። በዚህ አንጣላም።

ያፌት፦ ቪዲዮው ላይ ሰውየው እንደዚያ ነው የሠራው።

ጋሽ አሥራደ፦ ሲያወጣውስ አይተኸዋል?

ያፌት፦ እዚያ አልደረስኩም። ስፌቱን ሳይ እጄን በላኝና ወደ ሥራ ገባሁ።

ጋሽ አሥራደ፦ ለመሆኑ ቆዳ እንዲህ ይሰበሰባል እንዴ?

ያፌት፦ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ምድጃ አጠገብ አስቀምጬው ነበር።

ጋሽ አሥራደ፦ ጠበስከዋ። ምን አስቸኮለህ?

ያፌት፦ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያስቸኮሉኝ። ሽማግሌ ልላክ ባልኩ ቁጥር "ቆይ እስቲ" ይላሉ። ለወለላም "ይኼ ልጅ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ይውላል፤ አንድ የሚጨበጥ ነገር ሠርቶ አላየሁም" ብለዋታል።

ጋሽ አሥራደ፦ ይኸው የሚጨበጥ ነገር መጣ፤ አልላቀቅም አለ እንጂ።

ያፌት፦ ይሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

ጋሽ አሥራደ፦ አልሳቅኩም። የሳቅኩት መጀመሪያ በሠራህልኝ ቀበቶ ጊዜ ነው። እነዚያን ቀዳዳዎች የበሳሃቸው በጨለማ ነው? አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። እኔ መንገድ ስቀይስ እንደዚያ ብሄድ ኖሮ ወደ አዲስ አበባ የተሳፈረ ሰው ደሴ ይወርድ ነበር።

ያፌት፦ ታዲያ ለምን ያደርጉታል?

ጋሽ አሥራደ፦ ሱሪዬ ስለሚወርድ ነዋ። ጣቶችህን አሳየኝ እስቲ። ይኼ ሁሉ ፕላስተር ምንድነው?

ያፌት፦ ወስፌው ነው። መርፌውም አልቀረም፤ ተራ ገብተው ነው የወጉኝ።

ጋሽ አሥራደ፦ እየተወጋህም ጨረስከው?

ያፌት፦ ጨረስኩት። ጋሼ፣ አሁን ምላጭ ይስጡኝ። እቀደዋለሁ።

ጋሽ አሥራደ፦ ዳዊቴን?

ያፌት፦ ማኅደሩን እንጂ። በስፌቱ በኩል ቀስ ብዬ ስከፍተው መጽሐፉ አይነካም። የእኔ ሥራ ይበላሽ፤ እርስዎ ዛሬ ጠዋት ሳይደግሙ መዋልዎን ወለላ ነግራኛለች። በእኔ የተነሳ ነገም እንዲህ ሊውሉ አይገባም።

ጋሽ አሥራደ፦ ሌላስ ምን አለች ወለላ?

ያፌት፦ "አባባ ፊት ስትቀደው እንዳታለቅስ" አለችኝ።

ጋሽ አሥራደ፦ ታለቅሳለህ?

ያፌት፦ ትንሽ።

ጋሽ አሥራደ፦ ቆይ። መነጽሬን አቀብለኝ። ይኼ ስፌት... ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ቀጥ ብሏል። ማን ረዳህ?

ያፌት፦ ማንም። ከቀበቶው በኋላ ሰው መሆን አለብኝ ብዬ፣ ወስፌ ከማንሳቴ በፊት በማስመሪያ መስመር አሰመርኩ።

ጋሽ አሥራደ፦ ማስመሪያ ያዝክ?

ያፌት፦ ያዝኩ። ሁለት ጊዜ ለካሁ።

ጋሽ አሥራደ፦ ውፍረቱን መለካት ነው የረሳኸው።

ያፌት፦ እሱን ረሳሁት።

ጋሽ አሥራደ፦ መቼም አንተ ስትይዝ አትለቅም። እጅህን ከመሳቢያው አንሳ፤ ምላጭ የለኝም።

ያፌት፦ ይኸው እዚህ አለ።

ጋሽ አሥራደ፦ የለኝም አልኩህ። እንዲህ ያለ ስፌት አይቀደድም።

ያፌት፦ ታዲያ ነገ በምን ይደግማሉ?

ጋሽ አሥራደ፦ ከጎረቤት እዋሳለሁ።

ያፌት፦ ይኼስ እንዴት ሊወጣ ነው?

ጋሽ አሥራደ፦ በጉልበት። እኔና አንተ ብቻችንን አልቻልነውም። የሚመጣው እሁድ ሦስት ሽማግሌ ላክልኝ፤ ሁለቱ ማኅደሩን ይይዛሉ፣ አንዱ ዳዊቱን ይስባል። እግረ መንገዳቸውን የሚጠይቁኝ ነገር ካለም፣ ቤት ነኝ።