ሙሉ አድርጎ የሚያስረክብ ሰው

እትዬ ወደ ጋራዡ የመጣችው ሻይ በፔርሙስ ይዛ ነው። የተቆጣች ሴት ሻይ ይዛ አትመጣም ብሎ አማቹ በሆዱ አሰበና ቀለል አለው። ሰውየው ሲገምት ሁሌም እንዲሁ ነው፤ ያየው ነገር ካማረው ሌላ አይጠይቅም።

አማቹ የእትዬ ታናሽ እህት ባል ነው። ግቢው መሀል ሞተሩ ተፈትቶ የቆመው የጭነት መኪና ደግሞ የሁለቱ እህቶች ነው፤ አባታቸው ሲሞቱ ከሱ ሌላ የረባ ነገር አልተዉላቸውም። ባለፈው ሳምንት መኪናው ዳገት ላይ ፈልቶ ቆመ። ያኔ አማቹ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ቆሞ «ሾፌሩ ነው፤ ውሃ ሳያይ እየጋለበ አቃጠለው» ብሎ መሰከረ። ሾፌሩ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በምትኩ የአማቹ የአክስት ልጅ እንዲነዳ ተወሰነ፤ አማቹም ዛሬ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ የመጣው መኪናው መቼ እንደሚያልቅ ጠይቆ ቁልፉን ከእትዬ ሊቀበል ነበር።

መካኒኩ ግን ጠዋት ራዲያተሩን ሲያፈሰው የወጣው ነገር ውሃ አይደለም። ቡናማ ነው፣ እንዳደረ ሾርባ የረጋ። በሳፋ ተቀብሎ አግዳሚው ሥር ትቶት ነበር፤ አማቹ ደግሞ ያው አግዳሚ ላይ ነው የተቀመጠው።

«እንደምን ዋልክ ወንድሜ» አለችው እትዬ መካኒኩን። «ኧረ አትነሳ፣ ሥራህን ሥራ። እጅህ ዘይት ነው፣ ሰላምታው አይጠፋም። ዝናቡም አባራልህ... እዚያ ጥግ ጋ ጣራው ያፈሳል እንዴ? ቆርቆሮ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ። ቤተሰብ ደህና ነው? ትልቋ ልጅህ ዘንድሮ ትጨርሳለች አይደል? ጎሽ፣ ተመስገን በል። ሻይ ይዤልህ መጥቻለሁ። ስኳሩን ቀነስ አድርጌዋለሁ።»

ለመካኒኩ ቀዳችለት። ለአማቹም ቀዳች፤ ያልተሰነጠቀውን ብርጭቆ ለሱ ሰጠችው። ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ፊቷን ወደ መካኒኩ፣ ጀርባዋን ወደ አማቹ አድርጋ ተቀመጠችና ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«እኔ መቼም ስለ ሞተር አላውቅም። ጠዋት በስልክ የነገርከኝ ነገር ስላልገባኝ ነው እግሬን ያነሳሁት። ይኼ ራዲያተሩ ውስጥ የሚጨመረው፣ ኩላንት የምትሉት... ሁሉም አንድ አይደለም ነው ያልከኝ? ለቤት መኪና የሚሆነው ለከባድ ናፍጣ አይሆንም? ቀለሙም ምንም አይናገርም? አረንጓዴም ቢሆን ቀይም ቢሆን ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብበው ለዚህ ሞተር የተባለውን ነው የሚገዙት?... ራስህን ነቀነቅክ። እየው እንግዲህ፣ ስንት ዘመን ሳናውቅ ኖርን።

«አንድ የምናውቀው ሰው አለ። ማን እንደሆነ ይቅርብህ፣ ስሙ ሲነሳ አይወድም፣ ትሁት ነው። እሱ ቀለም ያውቃል። እንዲህ ያለ ዓይን ለስንቱ ተሰጥቷል? ሱቅ ይገባል፣ መደርደሪያውን አንዴ ያያል፣ የሚያምረውን ይዞ ይወጣል። እንደሌላው ጽሑፍ ሲያነብ ቆሞ ባለሱቁን አያደክምም። ማንበብስ ላልገባው ሰው አይደል?»

አማቹ ሻዩን ወደ አፉ ካስጠጋ በኋላ መልሶ አወረደው። ስለ ሌላ ሰው ይሆናል ብሎ ለማሰብ ሞከረ። ቀዩን ኩላንት ሲገዛ ባለሱቁ «ለምን መኪና ነው?» ብሎ የጠየቀው፣ እሱም «ለመኪና ነዋ» ብሎ የመለሰለት ትዝ አለውና ማሰቡን ተወው።

«አባታችንን ታውቃቸው የለ? አንድ ሕግ ነበራቸው። ይኼን መኪና የሚያስረክብ ሰው ሙሉ አድርጎ ነው የሚያስረክበው። ናፍጣውንም፣ የራዲያተሩንም ውሃ እስከ ምልክቱ። የጎደለ መኪና ለሰው መስጠት ነውር ነው ይሉ ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላም ሕጉ አልቀረም። ሾፌሩ አዘቦቱን ይነዳል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ... ሌላ ሰው ይይዘዋል። ለዘመድ አሸዋ ያመላልስበታል፤ ዘመድ ይወዳል።

«ታዲያ ያ ሰው ሕግ ሲያከብር ልነግርህ አልችልም። አንድም ሰኞ ጎደሎ አስረክቦ አያውቅም። ሾፌሩ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ልክ ምልክቱ ላይ ነው። ታዲያ ምን ብሎ ይጠርጥር? ሙሉ ሆኖ ያገኘውን ነገር ቀድቶ የሚመረምር ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም። ሙሉ ከሆነ ሙሉ ነው እንላለን፣ እንሄዳለን።

«አባታችን ያስለመዱት አረንጓዴውን ነበር። መኪና ነውና ጎደለ። ያ ሰው ምን አደረገ? ቀይ ገዝቶ ሞላው። ጎረቤቱ ትንሽ የቤንዚን መኪና አለው፣ እሷ ላይ ሲያፈሱት አይቶ ወዶት ነው። ለትንሿ የተመቸ ለትልቁ እንዴት አይመቸውም? ሁለቱ ሲገናኙ ቡናማ ሆነ፣ ወፈረ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፣ ላንተም ይደውል ነበር። እሱ ግን ሰው ማስቸገር አይወድም። ወፈረ? እናቅጥነው አለ። አትክልት የምናጠጣበትን የውሃ ጎማ ስቦ አቀጠነው። እኔ በመስኮት አይቼዋለሁ እኮ። መኪናውን በእሁድ ሲንከባከብ አይቼ እህቴን ምን አልኳት መሰለህ? ‹ባል እንዲህ ነው› አልኳት።... አትክልቱማ በዚያው ውሃ ለምልሟል። ሞተሩ ድርቅ ብሎ ካልለመለመ ያ ሰው ምን ያድርግ?»

መካኒኩ አንገቱን ሞተሩ ውስጥ ቀበረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እየሳቀ እንደሆነ አማቹ አወቀና ጆሮው ድረስ ጋለ። ተነስቶ መውጣት ፈለገ፤ ግን ማን ስሙን ጠራው? ቢነሳ እኔ ነኝ ማለቱ ነው፣ ቢቀመጥም እንዲሁ። እግሩን ብቻ ከሳፋው ራቅ አደረገ።

«ሻዩ በረደ መሰለኝ» አለች እትዬ ወደ ኋላዋ ሳትዞር። «አንተ ጠጣ እንጂ። ወይስ ቀለሙ አላማረህም?»

ጠጣ። በረዷል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ጨለጠው።

«እስቲ ያን ያልከኝን ብረት አሳየኝ። ፒስተኑ የሚመላለስበት ይኼ ነው? ካሚቻ ነው የምትሉት?... ወይ ጉድ። በመርፌ የተወጋጋ ነው የሚመስለው። ናፍጣ ሞተር ሲንቀጠቀጥ ብረቱ ጀርባ ውሃው ውስጥ ትንንሽ አረፋ ይፈላል አልከኝ፤ ትክክለኛው ኩላንት ብረቱን ይሸፍንለታል፣ ያልሆነው አይሸፍነውም፣ አረፋውም ይበሳዋል። አረፋ? ይኼን የሚያህል ብረት? ደግሞ ማንም ሳይሰማ፣ ትንሽ ትንሽ እያለ... ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፣ ያብለጨልጫል፤ ውስጡ ግን አልቋል። እንዲህ ያለ ነገር መኪና ላይ ብቻ ነው ያለው እንዴ? እኔ ምን አውቄ፣ ዝም ብዬ ልጠይቅህ ነው።

«ሾፌራችንን መቼም ታውቀዋለህ። ‹ዝግታ› ነው የሚሉት። ዳገት ላይ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ጥሩምባ ሲነፉበት፣ ሰላም ያሉት ይመስል እጁን አውጥቶ ሰላም ይላቸዋል። እሱ ነው እንግዲህ ሞተር እየጋለበ ያቃጠለው። እኔ አመንኩ። ያን የመሰለ ምስክርነት እየሰማሁ እንዴት አላምንም? ሰውየው ሰው በሞላበት ቆመ፣ ድምፁ አልተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ አልሸሸ። ሸሚዙ ራሱ እንደዚያ ነጭ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ፍርድ ቤት ቢቀጠር አገር ያርፍ ነበር።

«ዝግታም አልተከራከረም። በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ተመለሰ። አሁን ሊሳደብ ነው ብዬ ነበር። ‹እትዬ፣ የፊቱ ፍሬን እያለቀ ነው፣ ሳታስቀይሩ ዳገት እንዳታስወጡት› ብሎኝ ሄደ። የተባረረ ሰው እኮ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አይወርድልኝም።

«አሁን የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት በር ላይ ይውላል አሉ። የሚያውቁት ሰላም ይሉታል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል፤ መኪናውን የሚሰጠው ግን የለም። ሞተር ያቃጠለ ሾፌር ከተባለ በኋላ ማን ይደፍራል? ሚስቱ ለልጆቹ ‹አባታችሁ እረፍት ወጥቶ ነው› ብላቸዋለች። ጠዋት ጠዋት ግን ጃኬቱን ለብሶ ይወጣል።... ይኼን ሁሉ ያ ሰው ቢሰማ እንዴት ያዝናል። ሆዱ ቡቡ ነው። ስለማያውቅ ነው እንጂ፣ ቢያውቅማ አሁኑኑ ተነስቶ አይሮጥም ነበር?

«አዲስ ሾፌር ግን አላጣንም። የአክስት ልጅ ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው አሉ። ዘመድ ደግሞ ደግ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ኮፈን ከፍቶ ‹ይኼ ምንድነው› አይልም።»

መሀረብ ልታወጣ ነው ሲሉ ከቦርሳዋ ቁልፍ አወጣች። የአባቷ የቆዳ ማንጠልጠያ አሁንም አለበት፤ በእጅ ብዛት ጥቁር ሆኗል። በግምት ወደ ኋላዋ ዘርግታ አግዳሚው ጫፍ ላይ አኖረችው። አማቹ ይኼን ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተመኘው እሱ ነው የሚያውቀው፤ አሁን ግን ሲያየው ፈራ።

«ቁልፉን ይዤ መጥቻለሁ፤ ዝግታ ቤት ማን እንደሚያደርስልኝ ግን ግራ ገባኝ። እኔ ልሂድ እንዴ? ሄጄስ ምን እላለሁ? ይኼ አፍ ይፈልጋል፤ ሰው ፊት ቆሞ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ የሆነውን እንደሆነ የሚናገር ሰው። ከዚያም መኪና ማቆሚያው በር ላይ ሾፌሮቹ ሁሉ እየሰሙ ይደግመዋል፤ ስም የጠፋው እዚያ ነዋ። እህቴ ደግሞ ወሯ ገብቷል፣ እንድትደነግጥ አልፈልግም። ከኔ አፍ ምንም አትሰማም። ሌላ ሰው ቀድሞ ዛሬውኑ ቀስ አድርጎ ከነገራት፣ እኔ ምን አገባኝ? ሰው በቤቱ ያወራውን አልጠይቅም። ነገ ግን... እኔም አፍ አለኝ፣ ያመልጠኛል።»

አማቹ ተነሳ። ሲነሳ እግሩ ሳፋውን ነካው፤ ቡናማው ነገር ረጭ ብሎ ሱሪው ላይ አረፈ። አልጠረገውም። ቁልፉን አነሳና እፍኙ ውስጥ ጨበጠው። አፈረ፤ ካገባ ጀምሮ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ግን ደግሞ ከሀፍረቱ ሥር ትንሽ እፎይታ ነበረችው፤ ስሜ አልተጠራም፣ ይኼው አለቀ፣ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል ብሎ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ቆይ፣ ማንም ሳይመረቅ አይወጣም» አለች እትዬ። ጎማው ላይ እንደተቀመጠች እጆቿን ዘረጋች፤ ድምፏ ማር ሆነ። «አባታችን ሳይመርቁ ከጋራዥ ወጥተው አያውቁም። አሜን ያላለውንም በዓይናቸው ነበር የሚፈልጉት።

«አንተን ወንድሜ፣ እጅህን ይባርከው። ትክክለኛውን ኩላንት በተጣራ ውሃ በጥብጠህ ሙላልኝ፤ ሌላ ነገር እንዳይነካው። ዝግታንም መንገዱን ያቅናለት፣ እንጀራውን ይመልስለት።

«ያን ሙሉ አድርጎ የሚያስረክበውን ሰው ደግሞ... ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጠው። የሚወለደውን ልጁን በሰላም ይሳመው። ልጁ ይደግለት፣ ቁርጥ እሱን ይምሰል። እሱም አርጅቶ ሲደክም፣ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው፣ ልጁ ከጎኑ አይለየው። አባቱ ይኼን መኪና እንደያዘው አድርጎ ይያዘው። ከዚያ ሳያጎድል፣ ከዚያም ሳይጨምር።»

መካኒኩ ቀና አለ። እትዬ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ አማቹ አዞረች። ፈገግታዋ ከልቧ ይመስል ነበር።

«አሜን አይባልም እንዴ፣ የኔ ወንድም?»