ለብቻው የሚበላው ልጄ

ይቺን ልጄን ሳታውቋት እንዳትቀሩ! እዚህ ሀደራ ከተማ፣ የአሥር ዓመቷን አቪጋይልን ስኳር ያዛት። ሐኪሟን «ከምን መጣባት?» ብላት፣ «ቫይረስ ይዟቸው ከዳኑ በኋላ የሚጀምራቸው ልጆች አሉ፤ የእሷ ከዚያ ይምጣ አይምጣ ግን አናውቅም» አለችኝ። ክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ላለችው እህቴ ይህንኑ በስልክ ሳወራ፣ ለካ የአቪጋይል ታናሽ ወንድም ኤልያስ ይሰማኛል! ስኳሩ ከመጀመሩ በፊት አቪጋይልን ይዟት የነበረውን ጉንፋን ከጋን፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ይዞ የገባው እሱ ነበራ። ከዚያ ወዲያ ከእኛ ጋር ገበታ አልቀርብ አለ፤ ሳህኑን ይዞ ጥግ ላይ ለብቻው ይበላል። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች!

ሰንበት ምሳ ላይ አቪጋይል ለምትበላው ልክ የሚሰጣትን የኢንሱሊን መርፌዋን ተወጋችና አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ጥጉ ድረስ ሄደችለት።

«አፍህን ክፈት።»

«ደግሞ ባሳምምሽስ?» አላት።

«ሐኪሟ እንኳ አናውቅም ብላለች። አንተ ከእሷ በለጥክ?» ብላ አጎረሰችው።

ልጁ እያኘከ ተነሣ፣ ገበታው ጋ መጣ፣ በሁለት እጁ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋላት። እሷ እየሳቀች፣ «ኧረ አሳንሰው፣ ለዚህ ሁሉ አልተወጋሁም!»