የአያ የሻው እግር

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምራበት እንደሆነ አርባ አራቱ የጎንደር ታቦታት ይፍረዱ፤ የተገኘው ከባለእግሩ ከራሱ አፍ ነውና።

አያ የሻው በኮላ ድባ ገበያ ዳር ጸጉር አስተካካይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሞ ሲሠራ ለአፍታ እንኳ አረፍ ብሎ አያውቅም። የደንብያን ግማሽ ሕዝብ ላጭቷል፤ ግማሹ የቀረው ሴት ስለሆነ ነው። ከመቆም ብዛት የግራ እግሩ ደም ሥር አበጠ፤ የሞፈር ጠፍር አክሎ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት እየተጠማዘዘ ወጣ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የወጣች ቁስልም ስድስት ወር ሙሉ አልድን አለች። አያ የሻው ክፉ ደም ነው ብሎ ቆረጠ። ቅዳሜ ደም ሥሩን በምላጭ እንዲበጣለት፣ ትክል ድንጋይ ከተማ ያለውን ዋግምት ሠሪ ሊጠራ ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረ።

ዐሥራ ሁለት ሰው በሚይዘው ሚኒባስ ሠላሳ ሰውና አንድ ሙክት ነበር። አዘዞ ሳይደርሱ ጎማው ተነፈሰ። ሁሉም ወረደ። አያ የሻው መቆም አቅቶት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ሰብሰብ ሲያደርግ፣ አጠገቡ የቆመች ሻሽ ያሰረች ወጣት እግሩን አየች። ፈህሚያ ትባላለች፤ የጎንደሩ የጨርቅ ነጋዴ የሸሪፍ ልጅ ናት፤ በነርስነት ትሠራለች። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ወዴት እንደሚሄድም ነገራት። እሷም ያ ደም ሥር ከተበጣ ደሙ አልቆም ሊል እንደሚችል በትሕትና አስጠነቀቀችው።

"ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ምላጭ ይዣለሁ" አላት።

"ምላጩንስ ያውቁታል። ደም ሥሩን ግን እኔ ልንገርዎ።"

ሾፌሩ ጎማውን እየነፋ ነበር። ፈህሚያ በጣቷ አመለከተች። "ያችን ቫልቭ ያዩዋታል? ንፋሱን ታስገባለች እንጂ አታስወጣም። በእግራችን ደም ሥር ውስጥም እንዲህ ያሉ ትናንሽ በሮች አሉ። ደሙን ወደ ልብ ያሳልፉና ይዘጋሉ። ሲላሉ ደሙ ወደ ታች እየተመለሰ ይጠራቀማል፤ ሥሩም ይለጠጣል። ክፉ ደም አይደለም አያ፣ ወደ ልብ መመለሻ ያጣ ደም ነው።"

"ታዲያ መውጫ ብሠራለት ምን አጠፋሁ?"

"ቫልቩ የላላ ጎማ በቢላ ቢወጉት ይድናል?"

ተሳፋሪው ሳቀ። አያ የሻው ግን አልሳቀም። ሐኪሞቹ እግሬን ይቆርጡታል ብሎ ይፈራ ነበር፤ እንዲህ እየፈራ ቁስሉን በሱሪ የሚሸፍነው ሰው ብዛቱ! ፈህሚያ አንድ በአንድ አስረዳችው። በመጀመሪያ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ አያምም። ከዚያ ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲ ይታዘዛል፤ ካልሲው ግን ለሁሉም እግር ስለማይሆን ሳይመረመሩ አይለበስም። ብዙ መራመድና ሲያርፉ እግርን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግም ይረዳል። ለባሰበት ሥሩን በመርፌ መድኃኒት ወይም በሙቀት መዝጋት፣ ወይም በቀዶ ሕክምና ማውጣት አለ። ድንገት ቢደማ ተኝቶ እግርን ሰቅሎ በንጹሕ ጨርቅ መጫን ነው። አንዱ እግር ባንድ ጊዜ አብጦ ካመመ ግን ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

"ሥሩ ከተዘጋ ደሙ በየት ሊሄድ ነው?" አለ አያ የሻው። ሸጋ ጥያቄ ነበር።

"ድልድይ ሲሰበር የኮላ ድባ ገበያ ይቀራል?"

"ለምን ይቀራል? ዞረን እንመጣለን እንጂ።"

"ደሙም በጤነኞቹ ሥሮች ይዞራል።"

ሚኒባሱ ሲነሣ አያ የሻው ትክል ድንጋይን ትቶ ፈህሚያን ተከትሎ ሆስፒታል ወረደ። ሰባት ዶክተር ከብቦ አደነቀው። ካልሲው ታዘዘ፤ ቁስሉ በየሳምንቱ ታጥቦ በፋሻ ታሰረ፤ በሦስተኛው ወር ተዘጋ። እንቅልፉ ተመለሰ። አሁን ቁርስ ሳይበላ በእግሩ ጎንደር ደርሶ ይመለሳል። ታሪኩን የሰሙ ዐሥራ አንድ ደንበኞችም ሱሪያቸውን ገልጠው ሐኪም ቤት ሄደዋል።

አያ የሻው ይህን ለመቶኛ ጊዜ በጸጉር ቤቱ አውርቶ ሲጨርስ፣ ባለቤቱ የትነበርሽ የታጠበ ፎጣ ታቅፋ ገባች። ደንበኞቹ እውነት እንደሆነ ጠየቋት። ፎጣውን አስቀመጠች።

"እግሩ የኔ ነው" አለች ቀስ ብላ። "አምስት ልጅ የወለድሁበት። ሚኒባሱ ላይ የነበርሁትም እኔ ነኝ። እሱ ዋግምት ሠሪውን ጠርቶልኝ ነበር፤ ሳይመጣ ሸሽቼ ጎንደር ልሄድ ተሳፈርሁ።"

የቀሚሷን ጫፍ ጣት ያህል ከፍ አደረገች፤ ካልሲው ታየ። አያ የሻው ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ የወደቀውን ጸጉር ይጠርግ ጀመር።

"ያላወራላችሁ ግን አለ" አለች ወደ በሩ እየሄደች። "ይህን ካልሲ በየጠዋቱ፣ ከአልጋ ሳልወርድ፣ ተንበርክኮ የሚያጠልቅልኝ እሱ ነው።"