ለቅሶው ላይ የያዝሁት ኮምፒውተር

ሁለት የማላውቃቸው እንግዶች፣ አንዲት ልጅና አንድ ወጣት፣ እጃቸውን ሲዘረጉልኝ የልጄን ኮምፒውተር ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ ያዝሁ። ለቅሶ ሜዳ ላይ የሟች ልብስና ጠመንጃ ይያዛል፤ የኔ ልጅ ግን ያለው ይኸው ብቻ ነበር። ድረ ገጽ የሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም አርጅቷል ብሎ በምትኩ አዲስ ሲሠራ፣ ሳይጨርሰው ሞተ። እነዚህም ከአዲስ አበባ እዚህ ገሳይ ድረስ የመጡት ሥራውን ሊወስዱብኝ መሰለኝ። "አልሰጥም" አልኋቸው።

"ኧረ አባቴ፣ እኛ ልንወስድ አልመጣንም" አለች ልጅቱ። "ሥራውንማ እሱ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም በነፃ ለቆታል፤ የቀረውን ተባብረን እንጨርሰዋለን።" "ታዲያ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?" አልሁ። ልጅቱ ኮምፒውተሩን ትታ እኔን እያየች እንዲህ አለችኝ፦ "አብረነው የሠራነው በጽሑፍ እየተላላክን ነው፤ ፊቱን አንድም ቀን አላየነውም። ፎቶ ካለዎት ያሳዩን።"